ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፦ አንድ የፍቅር ፊልም ስለ ሐዘንና ስለ አእምሮ ሕመም የሚነግረንና የሚሸሽገን

በ2012 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው «ሲልቨር ላይኒንግስ ፕሌይቡክ» የተባለ የአሜሪካ የፍቅር ፊልም ስለ ምን እንደሆነ የጠየቅኋቸው የደሴ ወዳጆቼ መልሳቸው ብዙም አይለያይም፦ «አንድ ያበደ ሰውና ባሏ የሞተባት ሴት አብረው ዳንስ ሲለማመዱ ተዋደዱ፤ ዳኑም።» ማጠቃለያው ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን የሰውየው ሕመም ስም ያለውና ጠባዩ የሚታወቅ ሕመም ነው፤ የሴትየዋም ችግር የባሏ ሞት ብቻ አይደለም፤ «ዳኑ» የሚለውን ደግሞ ፊልሙ ራሱ በየትም ቦታ አላለውም። ሐዘን፣ የአእምሮ ሕመምና ፍቅር በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ተደባልቀው ሲቀርቡ መለየቱ ይከብዳል። በየቤታችንም የሚመጡት ተደባልቀው ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ መፍታቱ ከፊልም ወሬ ያለፈ ጥቅም አለው።

ታሪኩን ላላየ ሰው ባጭሩ ላስታውስ። ፓት ሶሊታኖ ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር ያገኛትና ሰውየውን ክፉኛ ይደበድበዋል። ከዚያም ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋም ይገባል፤ ባይፖላር የሚባል የስሜት ሕመም እንዳለበት የታወቀውም ከዚህ በኋላ ነው። ከስምንት ወር በኋላ እናቱ አስወጥታው ፊላደልፊያ ወደሚገኘው የወላጆቹ ቤት ይመለሳል። ሥራውን አጥቷል፤ ወደ ሚስቱ እንዳይቀርብ የፍርድ ቤት እግድ አለበት፤ እርሱ ግን ትዳሩ ሊመለስ ጥቂት ቀን የቀረው ይመስለዋል። በዚህ መሃል ቲፋኒን ያገኛል። ፖሊስ የነበረው ባሏ በመኪና ተገጭቶ ሞቶባታል፤ ከዚያ ወዲህ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በፈጠረችው ግንኙነት ከሥራ ተባርራለች፤ ሰውም ስሟን አንሥቶ አይጠግብም። «ደብዳቤህን ለሚስትህ በድብቅ አደርስልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ በዳንስ ውድድር አጋሬ ትሆናለህ» ትለዋለች። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ኦ. ራስል ፊልሙን የሠራው ከማቲው ክዊክ ልቦለድ ተነሥቶ ነው። ፓትን የተጫወተው ብራድሊ ኩፐር ሲሆን ጄኒፈር ሎውረንስ ደግሞ ቲፋኒን ሆና በመሥራቷ የኦስካር ሽልማት ወስዳለች።

ከሰውየው እንጀምር። ፓት ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ አንድ ልቦለድ አንብቦ ይጨርሳል፤ መጨረሻው ስላናደደው መጽሐፉን በመስኮት ወርውሮ የተኙ ወላጆቹን ይቀሰቅሳል፤ ስለ ደራሲው ጥፋትም ይሰብክላቸዋል። ተመልካች ይስቃል። የሥነ አእምሮ ባለሙያ ግን መጀመሪያ የሚያየው ሰዓቱን ነው። ባይፖላር ሁለት ጫፎች ያሉት ሕመም ነው። ማኒያ በሚባለው ጫፍ ላይ ሰውየው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል ስሜቱ ከልክ በላይ ይነሣል፤ ወይም በሆነ ባልሆነው ይቆጣል። ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም ሳይሰማው ይነሣል። ንግግሩ ይፈጥናል፤ አንዱን ሐሳብ ሳይጨርስ ሌላውን ይይዛል። ብድር ይበደራል፣ ንብረት ይሸጣል፣ ያላሰበውን ሰው ለማግባት ቀን ይቆርጣል። ሲብስ ደግሞ ከፈጣሪ ልዩ መልእክት እንደተሰጠው ወይም ሰዎች እንደሚያሴሩበት ያምናል። በሌላው ጫፍ ድባቴ አለ፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የሚዘልቅ፣ ደስታን፣ ጉልበትን፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን የሚያዛባ፣ «ኑሬ ምን እጠቅማለሁ» የሚያሰኝ ውድቀት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ባይፖላር እንደነበረባቸው ገምቷል።

ወሎ ውስጥ ማኒያን ለማስረዳት ምርቃናን ማንሣት ይቀላል። ጫት የቃመ ሰው በምርቃና ሰዓት ፎቅ ይሠራል፣ ፋብሪካ ይተክላል፣ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል፤ ሲመሽ ግን ሐሳቡ ይበርዳል፣ ፎቁም ይፈርሳል። የማኒያ ሰው ደግሞ በማግስቱ በጧት ተነሥቶ ፎቁን መሥራት ይጀምራል፤ ሲሚንቶውን በዱቤ ወስዷል፣ የወንድሙን መኪናም ለቀብድ አስይዟል። ጫቱ ራሱም ከነገሩ ውጭ አይደለም። በውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ቅመም በመሆኑ እንቅልፍን ይነጥቃል፤ ለሕመሙ ተጋላጭ የሆነን ሰው ደግሞ ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። ባይፖላር ያለበት ዘመድ ኖሮት በርጫ የሚያስተናግድ ቤተሰብ ይህን ማወቅ ይገባዋል፤ «ትንሽ ይጫወት ብለን ነው» ማለት ደግነት ቢሆንም ጉዳቱ ያመዝናል።

እዚህ ላይ የቤተሰብ አተረጓጎም ይመጣል። አንድ ወጣት ማኒያ ሲጀምረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ተለወጠ፣ ጎበዘ» ይባላል፤ ሌሊት ይሠራል፣ ሰው ይጋብዛል፣ ይዘፍናል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ «ዐይን በላው»፣ «ጂን ያዘው» ይከተላል። ከዚያ ጸበል ወይም ሩቅያ ነው፣ እንደ ቤቱ ሃይማኖት። ሰው በእምነቱ ቢጽናና የሚቃወም ሐኪም አላውቅም፤ ለበሽተኛውም ለቤተሰቡም ብርታት ይሰጣል። የምቃወመው ሦስት ነገር ነው፦ መድኃኒት ማስጣል፣ ማሰርና ምግብ መከልከል። ጸበሉም ሩቅያውም ከእነዚህ ሦስቱ አንዱንም አይጠይቅም። መድኃኒቱን ውጦ ጸበሉን መጠመቅ ይቻላል፤ መድኃኒቱን ውጦ ቁርኣን ሊቀራለትም ይችላል።

ፊልሙ በደንብ የያዘው ነገር የፓት «ፍቅር» የሕመሙ አካል መሆኑን ነው። ሚስቱ ሸሽታዋለች፣ ቤታቸውን ሸጣለች፤ እርሱ ግን ክብደት ቀንሶ፣ የምታስተምራቸውን መጻሕፍት አንብቦ ሲጨርስ እንደምትመለስ እርግጠኛ ነው። የቆሻሻ መጣያ ላስቲክ ለብሶ መንገድ ለመንገድ ይሮጣል። እንዲህ ያለ ማንም የማይነቀንቀው እርግጠኝነት በእኛ ዘፈን ሁሉ የሚወደስ ጠባይ ስለሆነ ለመጠርጠር ይከብደናል። «እስክሞት እጠብቅሻለሁ» የሚል ሰው ዘፋኝ ከሆነ እናጨበጭብለታለን፤ እንቅልፍ ካጣ ሦስት ሳምንት የሆነው ጎረቤታችን ከሆነ ግን ከማጨብጨብ በፊት መች እንደተኛ ብንጠይቀው ይሻላል።

ሁሉም የፓት ጠባይ ከባይፖላር የመጣ አይደለም። ያ የሠርጋቸው ዘፈን በሐኪሙ ክፍል መጠበቂያ ሲከፈት የሚያስጮኸው ማኒያ ሳይሆን የክፉ ቀን ትዝታ ነው፤ ሚስቱን ያገኘበት ሰዓት ያው ዘፈን እየተሰማ ነበር። ዱላውን ደግሞ ፊልሙ ከሕመሙ ጋር ማያያዙ ያሳስበኛል። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሌላውን ከሚጎዳበት ይልቅ ራሱ የሚጎዳበት ጊዜ እንደሚበዛ የሕክምናው ዓለም ደጋግሞ ያረጋገጠው ነገር ነው። መንገድ ላይ ድንጋይ የሚወረወርበትን ሰው ያየ ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቲፋኒ። የእርሷን ታሪክ ለመረዳት ወሎ የተሻለ ቦታ ነው፤ ሐዘንን እንዴት መያዝ እንደሚቻል የሚያውቅ አገር ነውና። እዚህ ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ ይጠራል፤ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ድንኳን ይጣላል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። ሐዘንተኛዋ ብቻዋን አትተውም። ጎረቤት «አብሽሪ እቴ፣ አላህ ያጽናሽ» ይላል፤ ሌላው «እግዜር ያጥናሽ» ይላል። ሙሾ የምታወርደው ሴት የሟቹን ሥራ በስም በስሙ እየጠራች ታስለቅሳለች፤ ወዲያው ደግሞ ቡና ይፈላል፣ ወሬ ይነሣል፣ ከማእዘኑ አንድ ሰው የሟቹን ቀልድ ያስታውስና ሳቅ ይሰማል። በ1999 እ.ኤ.አ. ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች ጤናማ ሐዘን እንዲህ ነው የሚሄደው ብለዋል፦ ሐዘንተኛው አንዴ ወደ ሞቱ፣ አንዴ ወደ ሕይወቱ እየተመላለሰ፤ ሲያለቅስ ቆይቶ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰበ፣ እንደገና እያለቀሰ። «ሐዘን አምስት ደረጃ አለው» የሚለው በየቦታው የሚጠቀስ ሐሳብ ግን ለዚህ አልተሠራም። ኤልሳቤት ኩብለር-ሮስ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው። ስለዚህ «ገና ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነኝ» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ሐዘንና ድባቴ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ያስለቅሳሉ፣ እንቅልፍ ይነሣሉ፣ ያከሳሉ። ከውስጥ ግን ሌላ ናቸው። ሐዘን በማዕበል ይመጣል፤ የሟቹ ጫማ ሲታይ፣ ስሙ ሲጠራ ይነሣል፣ ከዚያም ለጥቂት ጊዜ ይተዋል። ሐዘንተኛዋ የምትናፍቀው ሰው ነው፤ ስለ ራሷ ያላት ግምት ብዙ ጊዜ አይወድቅም። ድባቴ ደግሞ ከጧት እስከ ማታ እንደ ተጫነ ይውላል፤ በሽተኛዋ የምትጠላው ራሷን ነው፤ ድንኳን ውስጥ የሚያስቅ ነገር ቢነገርም አይደርሳትም። ሐዘንተኛ «ምነው እኔን በወሰደኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሟቹን ናፍቆት መናገሩ ነው። «እኔ ባልኖር ለሁሉም ይሻላል» የሚለው ግን ሌላ ንግግር ስለሆነ መደመጥ አለበት። በግልጽ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ይልቁንም በሩን ይከፍታል። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዉ፤ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ይዛችኋት ሂዱ።

የቲፋኒ ጉዳይ የሚወሳሰበው በጥፋተኝነት ስሜቷ ነው። ባሏ ከመሞቱ በፊት ባሉት ወራት ድባቴ ይዟት ከእርሱ ርቃ ነበር፤ የሞተውም ይህን ቅዝቃዜ ለማቅለል ስጦታ ሊገዛላት ወጥቶ፣ ሲመለስ መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበትን ሰው ሊረዳ ቆሞ ነው። እንግዲህ ሕመሙ ከሞቱ በፊት ነበረ፤ ሞቱ ሲጨመርበት ሐዘኑ መሄጃ አጣ። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሰው እንደ ብልግና አየው። ባዶነትን ለመሸሽ ሌላ ሰውን፣ መጠጥን ወይም ጫትን መደገፊያ ማድረግ በሐዘንተኞች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ ወንዱ ሲያደርገው «ሐዘን ነው» ይባላል፣ ሴቷ ስታደርገው ስሟ ይጠፋል። በዚህ ፊላደልፊያና ደሴ አይለያዩም።

የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች መዝገብ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው፣ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም አካትቷል። ከሞቱ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር አልፎ ናፍቆቱ ሰውየውን ከኑሮ ካቆመውና ከአካባቢው ወግ የዘለለ ከሆነ ነው ስሙ የሚሰጠው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለአዋቂዎች የወሰነው አሥራ ሁለት ወር ነው። «ከወግ የዘለለ» የሚለው ሐረግ ለእኛ ወሳኝ ነው። ባሏ የሞተባት እስላም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ ክርስቲያኗ ሰልስትና አርባ አውጥታ፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ተዝካር ታወጣለች፤ እስከዚያ ከል ብትለብስ የሚገርመው የለም። ይህ ሕመም አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ችግሩ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። የእኛ ለቅሶ የመጀመሪያዎቹን አርባ ቀናት አሳምሮ ይይዛል፤ ድንኳኑ ተነሥቶ ወንበሩ ወደ ቅሬው መጋዘን ሲመለስ ግን ሰውም አብሮ ይመለሳል። ቲፋኒን የሚመስሉ ሴቶች የሚታመሙት በስምንተኛው፣ በአሥራ አራተኛው ወር ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚሰሙት «እስከ መቼ?» የሚል ወቀሳ ነው።

ለዚህ ከተማ ሌላም ነገር ይጨመርበታል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ሲያልፉ ለቅሶው እንደ ወጉ ያልተቀመጠባቸው ቤቶች ነበሩ፤ መርዶውም ያልመጣላቸው አሉ። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ባለሙያ እርግጡ ያልታወቀ ማጣት ብላ የምትገልጸው ሐዘን ይህ ነው፤ ሞቶ እንደሆነ የማይታወቅ ሰው፣ ድንኳን የማይጣልለት፣ ተስፋም የማይቆረጥበት። እንዲህ ያለች እናት ላይ «ተስፋ ቁረጪ» ብሎ መጫን አይረዳም፤ ሁለቱንም ሐሳብ ይዛ መኖር እንድትችል ነው የምትደገፈው። ፊልሙ ስለዚህ የሚለው ነገር የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም፣ ታሪኩ ሌላ ነው።

እንግዲህ ፍቅሩስ ምን ሠራ? እኔ ፊልሙን የምወደው በፍጻሜው ሳይሆን በመሃሉ ነው። ሁለቱ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ይገናኛሉ፤ ይለማመዳሉ፤ ይደክማሉ። ፊላደልፊያ በምትገኝበት በፔንሲልቬኒያ ግዛት ሌላ ጫፍ፣ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤለን ፍራንክ የተባለች ተመራማሪ ለባይፖላር ሕሙማን የቀረጸችው የምክር ሕክምና ከመድኃኒት ጎን የሚሠራው በዚሁ ነገር ላይ ነው፦ መኝታን፣ መነሻን፣ ምግብን፣ ሥራንና ከሰው መገናኛን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ማድረግ። የስሜት መናጥ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የቀኑ ሥርዓት ሲፈርስ ነውና። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የመውሊድ ሌሊት፣ የፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ፤ እነዚህ ሁሉ ለጤነኛ ሰው ድካም ናቸው፣ ለባይፖላር ሰው ግን አደጋ ሊሆኑ ይችላሉ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ሕመምተኛ የቀን ፈረቃ እንዲመደብለት ሐኪሙ ቢጽፍለት ቅንጦት አይደለም።

አባትየውም መታየት አለበት። ሮበርት ዴ ኒሮ የሚጫወተው የፓት አባት ልጁን ይወዳል፤ ግን የኳስ ቡድኑ የሚያሸንፈው ልጁ አጠገቡ ሲቀመጥ ብቻ ይመስለዋል፤ ሲሸነፍ ይወቅሰዋል። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማንን ተከታትለው ወቀሳ፣ ጥላቻ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጣ ጥበቃ ወዳለበት ቤት የተመለሱት ሕመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽባቸው አይተዋል። የእኛ እናቶች ወቀሳው ባይኖርባቸውም ጥበቃው ይበረታባቸዋል፤ የሠላሳ ዓመት ሰው በልቶ እንደሆነ፣ ተኝቶ እንደሆነ፣ ማን እንደደወለለት ሌሊትና ቀን ይጠየቃል። መጠየቁ በሳምንት አንድ ቀን ቢሆን፣ ቃናውም ቢለዝብ ብዙ ይለወጣል።

መድኃኒቱን ፊልሙ በጥድፊያ ነው ያለፈው። ፓት መጀመሪያ «ያፈዘኛል፣ ያወፍረኛል» ብሎ አይወስድም፤ ከአንድ ክፉ ሌሊት በኋላ ይጀምራል፤ ከዚያ ወሬው የለም። ቅሬታው ግን እውነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ለሐኪም ነግሮ ዓይነቱን ወይም መጠኑን ማስቀየር ይቻላል። ሊቲየም ማኒያን እንደሚያረጋጋ ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1949 እ.ኤ.አ. አሳውቋል፤ ዛሬም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ሆኖም በደም ውስጥ ያለው መጠን በየጊዜው መለካት አለበት፤ ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ወደ መመረዝ ይሻገራል። በረመዷን ቀኑን ሙሉ ውኃ የማይቀምስ ሰው፣ በተለይ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የሚሠራ፣ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት። ቫልፕሮዌት የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ፅንስን ስለሚጎዳ ልትወልድ የምትችል ሴት ሳይነገራት ልትጀምረው አይገባም። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ባይፖላር ያለበት ሰው ድባቴ ላይ ሳለ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ቢሰጠው ወደ ማኒያ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ «ከዚህ በፊት ሳይተኛ የሰነበተበት፣ ገንዘብ የበተነበት ጊዜ ነበር» ብሎ መናገር የቤተሰብ ድርሻ ነው፤ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ያንን ወቅት እንደ ሕመም አያስታውሰውም። ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መሄድ የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም።

ጥንዶቹ ከፊልሙ በኋላ እንዴት ይኖራሉ ብሎ መጠየቅ ይፈቀዳል። ባይፖላር አንድ ጊዜ የታየበት ሰው በአብዛኛው ይመላለስበታል፤ ልጅ ከወለዱም ከወላጆቹ አንዱ ሕመሙ ያለበት ልጅ የመያዝ ዕድሉ አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ ማለትም አብዛኞቹ አይያዙም። በዚህ ምክንያት ጋብቻ ይከልከል የሚል ሐኪም የለም። የሚመከረው ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ተቀምጦ መነጋገር ነው። የማገርሸቱ የመጀመሪያ ምልክት ምንድን ነው፤ እንቅልፍ ማጣት? ስልክ መደወል ማብዛት? ሁለት ሌሊት ካልተኛ ማን ሐኪም ዘንድ ይዞት ይሄዳል፣ የባንክ ደብተሩን ማን ይይዛል፣ ልጆቹ የትኛው አክስት ጋር ያድራሉ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ማን ምን ብሎ ያሳውቃል። ይህ በወረቀት ይጻፋል፣ ሕመምተኛው ራሱ ይፈርምበታል፣ አንዱ ቅጂም ክሊኒኩ ውስጥ ከካርዱ ጋር ይቀመጣል።